የአባቴን ቆብ ያደረገው ጣዖት

በዘጠኝ ዓመቴ፣ ባግዳድ፣ በአባቴ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ጣዖት ይመለክ ነበር። ከአምላኪዎቹ ሌላ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላ ልጅ ቢደብቅ ቢደብቅ የሰረቀውን ቴምር ነው። እኔ ግን ቤት የሚያቃጥል ኃጢአት ሆዴ ውስጥ ይዤ እህል አልወርድ ብሎኝ ከሳሁ። እናቴ የሆድ ትል ነው ብላ የጉሎ ዘይት አጠጣችኝ። አሁን ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የዚያ ዘይት ጣዕም እስከ ዛሬ ከምላሴ አልጠፋም። በቀረው ሳቁ፣ በዘይቱ ግን አትሳቁብኝ።

ነገሩ የተጀመረው ምሳ ላይ ነው። አዲስ ወር ከመግባቱ በፊት ባለው ሰንበት የመጪው ወር ስም በምኩራብ ይታወጃል፤ የዚያን ዕለት የታወጀው ታሙዝ ነበር። ከጸሎት በኋላ ሐካም ሻኡል እንደ ልማዳቸው እኛ ቤት መጡ። ሐካም ሻኡል የሰፈራችን መምህርም ዳኛም አስታራቂም ነበሩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሰል ላይ ሲበስል ያደረውን ሩዝ የተሞላ ዶሮ ደግሞ ከሕጉ ባልተናነሰ ይወዱ ነበር።

"ታሙዝ ማለት ምን ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ምን አይደለም፤ ማን በዪ" አሉ የዶሮውን እግር ሳያስቀምጡ። "የወሮቻችን ስም ከሰማይ የወረደ እንዳይመስልሽ፣ ፋርሐ። ድሮ በቁጥር ነበር የምንጠራቸው፤ አንደኛ ወር፣ ሁለተኛ ወር እያልን። ማርከው ወደዚህ ወደ ባቢሎን ሲያመጡን የአገሬውን ስም ለምደን ቀረን። ኒሳን ብትዪ፣ አዳር ብትዪ፣ ሁሉም ከዚሁ የተገኘ ነው። ታሙዝ ግን የጣዖት ስም ነበር። መልከ መልካም ጎረምሳ ነው ይሉታል። በየዓመቱ በጋው ሲበረታ ይሞታል፤ ሴቶቹ ተቀምጠው ያለቅሱለታል፤ ተመልሶ ይነሣል፤ በዓመቱ ደግሞ ይሞታል።"

"ሌላ ሥራ የለውም እንዴ?" አለች አክስቴ ካቱን።

"የባሰው ምን መሰለሽ" አሉ ሐካሙ ወደ እኔ ዞረው፣ "የእኛም ሴቶች ለመዱት። ነቢዩ ሔስቄል፣ ያ የአባትሽ ሞክሼ፣ በራእይ ተወስዶ ቤተ መቅደሱን ሲያይ በሰሜኑ በር ቁጭ ብለው ለታሙዝ ሲያለቅሱ አገኛቸው። ከዚያ በኋላ ያ ቤት ምን ሆነ? ተቃጠለ።"

"ታዲያ ወሩን ለምን በስሙ እንጠራዋለን?"

"ከጎረቤት ድስት በውሰት ታመጪያለሽ። በፈላ ውሃ ታነጪዋለሽ። ከዚያ የራስሽን ታበስዪበታለሽ።"

"ለጎረቤትስ መቼ ይመለሳል?"

"ሔስቄል" አሉ ሐካሙ ለአባቴ፣ "ይህችን ልጅ ጊዜ ሳትሰጥ ዳራት።" ሁሉም ሳቁ፣ ከአክስቴ በቀር።

አክስቴ ያልሳቀችበት ምክንያት ነበራት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አጭቷት የነበረው ሰው ለንግድ ቦምቤይ ሄዶ እዚያው አግብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከወንድሟ ከአባቴ ጋር ትኖራለች። መልኳ እንደ ማንኛችንም ነው፤ ድምጿ ግን ሌላ ነው። ደጃፍ ቆማ "ሐብሐብ!" ብላ ስትጠራ የሦስተኛው መንገድ ሐብሐብ ሻጭ አህያውን አዙሮ ይመጣል። አባቴ በዚህ ድምፅ ያፍር ነበር። አባቴ የባንክ ጸሐፊ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ሰው ሁሉ የሚያደርጋትን ሲዳራ የምትባል ጥቁር ቆብ ሲያደርግ መስታወት ፊት ሩብ ሰዓት ይቆማል።

"የሒላ ከተማው ሰው ስለ ካቱን መልስ ልኳል" አለ ያን ዕለት ምሳው ሲያልቅ። "ጉርጂ ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ የተከበረ የቴምር ነጋዴ። ስድስት ልጆች አሉት። በአሥራ አራት ይመጣል፤ ከአሥራ ሰባት በፊት ይፈጸማል።"

ከታሙዝ አሥራ ሰባት፣ ከጾሙ ቀን ጀምሮ፣ ሦስት ሳምንት ሰርግ የለም። ኢየሩሳሌም የፈረሰችበት ሐዘን ነው፤ የሚያበቃው በቀጣዩ ወር በዘጠነኛው ቀን በታላቁ ልቅሶ ነው። ስለዚህ አባቴ ቸኩሏል።

"ስድስት" አለች አክስቴ፣ የዶሮውን አጥንት በሳህኗ ላይ እየደረደረች። "ዝግጁ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ በለኛ።"

"ሳቂ አንቺ። ነገ እኔ ብሞት ማን ሊያበላሽ ነው?"

አክስቴ እናቴን አየቻት፣ እናቴም አየቻት። እኔ ይህን ያየሁት ሐብሐብ መቆረሱን እየጠበቅኩ ስለነበር ብዙም ቁም ነገር አላልኩትም።

ወሩ ገባ። የባግዳድን ታሙዝ ለማያውቅ ምን ልበለው? የበሩን እጀታ በጨርቅ ነው የምትይዙት። ቤታችን እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ በግቢ ዙሪያ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ምድር ቤት አለው፤ ከጣሪያው እስከዚያ ድረስ ደግሞ በግድግዳው ውስጥ የንፋስ መውረጃ ይወርዳል። የሰሜኑ ነፋስ ከላይ ይገባና ምድር ቤቱን ያቀዘቅዘዋል። የውሃ ጋኑም ሐብሐቡም እኛም በጋውን የምናሳልፈው እዚያ ነው።

በወሩ በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አባቴ ባንክ እንዳለ፣ ሐብሐብ ላወጣ ወረድኩ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ለቅሶ ሰማሁ። ወደ ግቢው ተመልሼ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁና ምድር ቤቱን በምታሳየው ባለ ብረት መስኮት አጮለቅኩ።

ፍራሽ ላይ አንድ ነገር በጀርባው ተዘርግቷል። ነጭ የወንድ ቀሚስ ለብሷል፤ እጅና እግር የለውም፤ ፊትም የለውም። ፊት ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ የአባቴ አሮጌ ሲዳራ ተደፍቷል። በአጠገቡ፣ ከንፋስ መውረጃው ሥር፣ በሰሜኑ ግድግዳ፣ እናቴና አክስቴ ተቀምጠው ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። በመሐላቸው እማማ ሐቢባ አሉ።

እማማ ሐቢባ ያልቀበሩት ሰው ባግዳድ ውስጥ የለም። የአልቃሾች ሁሉ አለቃ ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው አያይም፣ ሌላው ግን ለሁለቱም ይበቃል። እኛ ቤት እግራቸው እንዳይረግጥ አባቴ ከልክሎ ነበር። አያቴ የሞተች ዕለት ሙሾ ሲያወርዱ መልኳን አመሰገኑ፣ ቤቷን አመሰገኑ፣ ከዚያ በሕዝብ ፊት "ልጇ ምሳውን ጨርሶ ነው ሐኪም የጠራላት" ብለው ጨረሱ። አባቴ ከዚያ ወዲህ አልቃሽ ማለት አረመኔነት ነው ይላል። ምሳውን ግን በእርግጥ ጨርሶ ነበር።

አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች፦

"ምን አስቸኮለህ ወይ፣ ቁመተ ዘንባባ፣
ቴምሩ መች በሰለ፣ አፈር ሆኖህ ካባ።"

ጎረምሳ፣ በጋ ላይ የሞተ፣ ሴቶች በሰሜን በኩል ተቀምጠው የሚያለቅሱለት። ምን ቀረ?

"ተይ፣ ተይ" አሉ እማማ ሐቢባ። "የሸሚዝ ቁልፍ የጠፋብሽ ነው የምትመስዪው። ከጉሮሮሽ ነው የምታወጪው። ከሆድሽ አምጪው፣ ልጄ። በይ አሁን አስነሺውና እንደገና ግደይው።"

"ስንተኛ ጊዜው ነው ዛሬ?" አለች እናቴ ዓይኗን እየጠረገች።

"አምስተኛው። እኔ ለመማር አንድ በጋ ሙሉ ነው የገደልኩት።"

አክስቴ ሲዳራውን አቃናችለትና ጣዖቱ ተነሥቶ እንደገና ሞተ። ከመስኮቱ ስነሣ የመጨረሻ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው፤ "ብቻ ሔስቄል እንዳይሰማ" ትላለች።

ትልቅ ሰው ሆኜ ነው አክስቴ እየሳቀች የነገረችኝ። እማማ ሐቢባ ድምፃቸው እየሄደ ነበር። የዓመቱ ትልቅ ልቅሶ ከመድረሱ በፊት ተተኪ ይፈልጋሉ። አክስቴ ደግሞ በራሷ ሙያ የምትተዳደር ሴት ከሆነች ማንም ለሒላ ሰው እንደማይሰጣት አስባለች። እስከ አሥራ ሰባት ሰበብ እየፈጠረች ልታጓትት፣ ከዚያ በሦስቱ ሳምንት ሙያውን ልትጨርስ፣ በልቅሶው ቀን ደግሞ በሕዝብ ፊት ልታወጣው ነበር አሳቧ። እናቴም ለባሏ ሳትነግር አገዘቻት። ልምምድ ያለ ሬሳ አይሆንም ብለው እማማ ሐቢባ ስላዘዙ ረጅሙን ትራስ አለበሱት። ይኸው ነው።

እኔ ግን ይህን ከየት ልወቀው? እኔ የማውቀው ከሐካሙ የሰማሁትን ነው። አመለኩ፣ አለቀሱ፣ ቤቱ ተቃጠለ። ስለዚህ ለቃጠሎው መዘጋጀት ጀመርኩ። በየማለዳው ባልዲውን ሁሉ ውሃ እየሞላሁ በየደረጃው ደረደርኩ። እናቴ ሙያ ገባት ብላ ለጎረቤት አወራች። አባቴ ሁለት ጊዜ ባልዲ ውስጥ ገባ።

ካየሁት በሦስተኛው ቀን ጣዖቱን ሰርቄ ወንዝ ልጥለው ቆረጥኩ። ምድር ቤት ወረድኩ፤ የለም። ቤቱን ሁሉ ፈለግኩ፤ የለም። ከሰዓት በኋላ አባቴ ከባንክ መጥቶ እንደ ልማዱ ምድር ቤት ጋደም ሲል ግን አየሁት። ጣዖቱ ቀሚሱን አውልቋል፣ ሲዳራውን አውልቋል፣ ትራስ መስሏል። አባቴ ጭንቅላቱን እላዩ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል።

"አባባ" አልኩት ቀስቅሼ፣ "በሌላ ትራስ ተኛ።"

"ምን ሆኖ ነው ይሄኛው?"

"ሞቶ ሊሆን ይችላል።"

የጉሎ ዘይቱ የመጣው ያን ዕለት ማታ ነው።

ለምን ለአባቴ አልተናገርኩም? አክስቴን ስለምወዳት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ፀጉሬን የምታበጥረኝ እሷ ናት፤ በፓፓጋሎ ድምፅ፣ በሐካሙ ድምፅ፣ በባንኩ ሥራ አስኪያጅ ድምፅ የምታጫውተኝ እሷ ናት። ብናገር እሷን ያባርሯታል፤ ባልናገር ሁላችንም እንቃጠላለን። በዘጠኝ ዓመት ይህን መሸከም ከባድ ነው፤ በየቀኑ ሳልበላ እየቀረሁ ብቻዬን አለቅስ ነበር።

የሒላው ሰው በአሥራ አራት ይመጣል ተብሎ በአሥራ ሦስት መጣ። ባቡር ጠብቆ እንዳይውል የዘመድ መኪና አግኝቶ ነው፤ ማታውኑ መመለስ አለበት። በቀጥታ ወደ ባንኩ ሄዶ አባቴን አስጠራው፤ አባቴ ሐካም ሻኡልን ከምኩራብ ይዞ ሦስቱም ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በር አንኳኩ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ በሙሉ ምድር ቤት ናቸው።

ሰውዬው ሽማግሌ መሰለኝ። ኋላ ሳሰላው ለካ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። አንገቱን የደፋ፣ ኮቱ አንድ ቁልፍ የጎደለው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ የያዘ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ከጥላው ሥር ተቀመጡ።

"ሒላ ባቢሎን ናት አይደል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ፍርስራሿ ከእኛ ቅርብ ነው" አለ። "ልጆቼ እሑድ እሑድ እዚያ ይጫወታሉ።"

ያኔ ሁሉም ግልጽ ሆነልኝ። ጣዖቱ የመጣው ከዚህ ሰው አገር ነው፤ አክስቴንም ሊወስዳት የመጣው ለዚሁ ነው።

"እናትሽ የት ናት? ካቱንስ?" አለ አባቴ። "ሻይ የለም እንዴ በዚህ ቤት?"

ሐካሙን አየኋቸው። ሕግ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ምናልባት እንደ ድስቱ በፈላ ውሃ የሚያነጹበት መንገድ ይኖራል። ተነሣሁ።

"አባባ፣ አትቆጣ። አክስቴን አታባርራት" አልኩ። "ለታሙዝ እያለቀሱ ነው።"

"ለማን?"

"ለጣዖቱ። ምድር ቤት። በሰሜን በኩል። እማዬም አለች።"

አባቴ ለእንግዳው ፈገግ አለለት። "ልጅ ናት" አለ። በዚያው ቅጽበት ከንፋስ መውረጃው በኩል፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ የአክስቴ ድምፅ ሽቅብ መጣ። ከሆዷ ነበር ያወጣችው። ሐካሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

አባቴ ፊት፣ ሐካሙ ቀጥለው፣ እንግዳው ከኋላ፣ እኔ ባልዲዬን ይዤ ወረድን። የዚያን ቀን በሩን መቀርቀር ረስተዋል። ጣዖቱ በቦታው ተጋድሟል። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ መልኩንና ቤቱን ጨርሳ የሙሾው ሦስተኛ ክፍል ላይ ደርሳለች፤ ይህ ሟች የበደለው የሚነገርበት ነው፦

"ቤትህ ሰባት ክፍል፣ ግቢህ ሰፊ ሜዳ፣
ለእህትህ ብቻ ነው የጠበበው ጓዳ።"

"ይኸውልሽ" አሉ እማማ ሐቢባ። "አሁን ሞተ።"

ከዚያ ቀና ብለው አዩን። አክስቴ ዞረች። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

"ይህ የኔ ሲዳራ ነው" አለ አባቴ።

"አሮጌው ነው" አለች እናቴ።

"ቀሚሱም የኔ ነው። እኔ ነኝ ማለት ነው?"

"አንተ አይደለህም፣ ሔስቄል። ትራስ ነው።"

"ትራሱ ለምንድነው እህት ያለው?"

"ታሙዝ ነው" አልኩ እኔ፣ ባልዲውን አጥብቄ እንደያዝኩ። "በየቀኑ አምስቴ ይሞታል።"

ሐካም ሻኡል ትራሱን አዩ፣ እማማ ሐቢባን አዩ፣ እኔን አዩ። ነገሩ ገባቸውና ጺማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እኔ ቁጣ መሰለኝ። ደረጃው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አባቴ ግን አልሳቀም።

"በቁሜ አለቀሳችሁብኝ" አለ። "በቤቴ! ይህቺን ሴትዮ አስገብታችሁ! ሟርተኞች።"

"በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል" አሉ እማማ ሐቢባ ሳይነሡ። በዚህ አልዋሹም፤ አባቴ በዘጠና አንድ ዓመቱ ነው የሞተው።

"ካቱን፣ አሁኑኑ ወደ ላይ ውጪ። ፊትሽን ታጠቢ። ሰው መጥቶልሻል።"

አክስቴ ተነሣች። ፊቷ በእንባ አብጧል፣ ፀጉሯ ተበትኗል። ያኔ ነው ሁሉም ነገር ያለቀላት፤ እኔም ባይገባኝ ከፊቷ አየሁት። ወደ እኔ አየች። አልተቆጣችም፤ ያ ነው ያቃጠለኝ። ባልዲውን ጣልኩና ማልቀስ ጀመርኩ።

"አንድ ጊዜ" አለ የሒላው ሰው።

እስከዚያ ድረስ መኖሩንም ረስተነው ነበር። ደረጃው ላይ፣ ባልዲዬ የፈሰሰበት ላይ፣ ቁጭ ብሏል።

"መስኮቱ ጋ ስንደርስ ያልሽው" አለ ለአክስቴ፣ "ቴምሩ ሳይበስል የሚለው። እንዴት ነበር?"

አክስቴ አባቴን አየችና ቀስ ብላ ደገመችለት።

"ባለቤቴ አምና በዚህ ወር ነው የሞተችው" አለ። "ሪማ ትባላለች። ሙቀት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አሉና ቀበርናት። አልቃሽ ከከተማችን ጠፍቷል። ዘመዶቿ ሰው ፊት መጮህ ነውር ነው አሉ። ልጆቼ እስከ ዛሬ አላለቀሱም። እኔም አላለቀስኩም። ሰዎች ቶሎ አግባ፣ ይለቅሃል አሉኝ።" ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዟዟረው። "ለሷ ልትዪላት ትችያለሽ? ጊዜ ካለሽ።"

"ምን ዓይነት ሴት ነበረች?" አሉ እማማ ሐቢባ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ልኬት የሚወስዱ ይመስል። "መልኳን ንገረን። እውነቱን ንገረን፤ ውሸት አይለቀስም።"

"አጭር ናት። እልኸኛ ናት። ዳማ ስንጫወት ታጭበረብራለች።"

እናቴ ሲዳራውን ከትራሱ ላይ አነሣችና በምትኩ የራሷን ሻሽ አሰረችለት። አክስቴ ቁጭ አለች። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ጀመረች፦

"አጭር ናት ይሉሻል፣ ማን ደረሰብሽና፣
ስድስት ልጅ አዝለሽ ቀና ያልሽ ጀግና።
ዳማ እያጭበረበርሽ ባልሽን አሸነፍሽው፣
ዛሬ ተሸነፍኩ ሲል ወዴት ነው ጥለሽው?"

ሰውዬው ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ጮኸ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ሐካሙ ጀመሩ፤ ሲስቁ የነበሩት ሰውዬ ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ሲዞር እሳቸውም አላወቁትም። ከዚያ አባቴ። አባቴ በአሮጌ ሲዳራው አፉን ሸፍኖ "እማዬ፣ እማዬ" ይል ነበር፤ "ምሳውን ትቼ ልነሣ ነበር" ይል ነበር። እማማ ሐቢባ ክንዱን ይዘው "አውቃለሁ ልጄ፣ ያን ዕለት አበዛሁት" አሉት። በዚያን ሰዓት የማላለቅሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሳቱ በየት በኩል እንደሚጀምር እየጠበቅኩ ነበር።

እሳት አልመጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጉርጂ ተነሣ፤ ከጋኑ ውሃ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ።

"ሔስቄል ወንድሜ" አለ፣ "እህትህን አላገባም።"

"ምን በደለችህ?" አለ አባቴ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

"ለሪማ ያለቀሰችላትን ሴት በሪማ ቦታ አላስቀምጥም። ግን ሙት ዓመቷ በሃያ ሁለት ነው። ለልጆቹ ትምጣልኝ። እንደ ሙያተኛ፣ በክብር፣ እኚህ እናትም አብረዋት ይምጡ።"

አባቴ ወደ ሐካሙ ዞረ። ምናልባት ይገሥጹልኛል ብሎ ነው።

"ሰርጉ እንደሆነ አሥራ ሰባት ደርሷል፤ አይሆንም" አሉ ሐካም ሻኡል ጺማቸውን እያደረቁ። "ለቅሶው ግን በዚህ ወር ማን ይከለክላል?"

አክስቴ ወደ ጋኑ ጥግ ሄዳ ትልቁን ሐብሐብ አነሣች፤ ጉልበቷ ላይ መታችውና ለሁለት ተሰነጠቀ። የልቡን ቁራሽ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ በወጉ የበላሁት የመጀመሪያው ምግብ ነው።

በቀጣዩ ወር በታላቁ ልቅሶ ቀን ምኩራቡ በእሷ ድምፅ ተሞላ፤ ከመንገድ ማዶ ሐብሐብ ሻጩ አህያውን አቆመ ይባላል። ከዚያ ወዲህ እስከምንሰደድ ድረስ ባግዳድ ውስጥ ካቱን ያላለቀሰችለት ሰው በደንብ አልሞተም ይሉ ነበር። እኔንም አስተማረችኝ። እማማ ሐቢባ ገና ከመጀመሪያው ቀን በደኅናው ዓይናቸው መስኮቱ ላይ አይተውኝ ነበር ለካ፤ "ሰሚ አለሽ፣ ተዪያት ትስማ" ብለዋታል። በተማርኩ ቁጥር ግን አክስቴ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ታቋርጠኛለች። "ቁልፍ ነው የጠፋብሽ" ትለኛለች። አንድም ቀን አስጨርሳኝ አታውቅም።

ከባግዳድ ተሰደን ራማት ጋን ከተባለችው ከተማ ከገባን ከዓመታት በኋላ የጥንት ሸክላ ጽሑፍ የሚያነቡ አንድ ምሁር አገኘሁና ያን የቴምሩን ስንኝ አልኩላቸው። ለታሙዝ ይለቀስ የነበረው ይህ ይሆን እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። እማማ ሐቢባ ከእናታቸው ነው የተማሩት፤ እናታቸውም ከእናታቸው። ምሁሩ ብዙ አሰቡና "ማወቅ አይቻልም፤ ሴቶች አልጻፉትም" አሉኝ። ሐካም ሻኡል በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ድስቱ በደንብ ፈልቷል እንዴ ብዬ እጠይቃቸው ነበር።

አክስቴ ካቱን በሰማንያ ስምንት ዓመቷ ሞተች። ወሩ ታሙዝ ነበር፤ ሌላ ወር ትመርጣለች ብዬም አልጠበቅኩም። መቃብሩ ቦታ አንድ ወጣት ረቢ ሰዓቱን ያያል፤ ከኋላችን ሌላ ሬሳ ወረፋ ይዟል። የወንድሟ የልጅ ልጆች ጥቁር መነጽር አድርገው ቆመዋል። ማንም ትንፍሽ አይልም።

"ሰሜን በየት በኩል ነው?" ብዬ የታናሽ ወንድሜን ልጅ ጠየቅኩት።

"ሰሜንን ምን ልታደርጊው ነው፣ አክስቴ?"

"አሳየኝ ብቻ።"

አሳየኝና መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ለሰማንያ ስምንት ዓመት ሴት ቴምሩ አልበሰለም ማለት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ሌላ አላውቅም፤ በዚያ ላይ አጥሩ ዳር ያለው የዘንባባ ፍሬ በእርግጥም ገና ጥሬ ነበር። አፌን ከፈትኩ። "ምን አስቸኮለሽ ወይ" አልኩ። ከጉሮሮዬ ወጣ። አቆምኩና እንደገና ጀመርኩ። መልኳን አለቀስኩ፣ ያልነበራትን ቤት አለቀስኩ። ረቢው ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስደርስ አንድ በደል ብቻ ነበር የማስታውሰው፤ አንድም ቀን አላስጨረስሽኝም ብዬ እሱንም በሕዝብ ፊት ነገርኳት። የዚሁን ክፍል ሁለተኛ ስንኝ ስጀምር እንደ ልማዴ ቆም ብዬ ጠበቅኋት። አላቋረጠችኝም፤ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ።